ስላልተለመንኩበት የፊት ጥርሴ

ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ተድላ፣
በነቀምት ከተማ የጥርስ ሐኪም፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነሙሉ ጥርስዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በቢላ ከተማ አስተማሪ የሆንኩት ነመራ ጨመዳ፣ ከአንድ የፊት ጥርስና ከአንዲት እጮኛ በቀር ምንም አልጎደለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቅድሚያ ስለ እጅዎ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያን ዕለት ጉንጬን ይዤ በጭነት መኪና ከቢላ መጥቼ ወንበርዎ ላይ በተቀመጥኩ ጊዜ፣ ጥርሱን ማዳን እንደሚቻል፣ ነገር ግን ሥሩን አጽድቶ ለመሙላት መመላለስ እንደሚጠይቅ፣ አለዚያም ወዲያው መንቀል እንደሚቻል አስረድተው ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ስለ እኔ ብለው እንዳይደክሙ፣ መንቀሉ እንደሚበቃኝ በትሕትና ተናገርኩ። አቤቱታዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ፤ በአገራችን እንግዳ ብላ ሲሉት መጀመሪያ ጠግቤአለሁ ይላል፤ ባለቤቱም በሞቴ ብሎ ያጎርሰዋል። ክቡርነትዎም የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ ይህን አያጡትም ብዬ፣ ጥርስህንማ አታስነቅልም ብለው እስኪለምኑኝ እጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን መርፌውን አነሡ።

፪ኛ፤ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ጣትዎ አፌ ውስጥ ነበረ፤ ሥራዎን ማቋረጥም ነውር መሰለኝ። ነቅለው ሲጨርሱ ደሜን በመሐረብ ይዤ፣ እጅ ነሥቼ አመሰገንኩዎት። ከጥርሱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ምስጋና ነው።

፫ኛ፤ ከዚያ ወዲህ አፍሬ አልስቅም። ተማሪዎቼን አፌን በእጄ ከልዬ አስተምራለሁ። እጮኛዬ ቤት ስሄድ ከንፈሬን ገጥሜ እቀመጣለሁ፤ ስትቀልድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። የቀዘቀዝኩባት መሰላት፤ እንዴት አይመስላት? ባለፈው እሑድ በራቸው ላይ ቆማ፣ ካልወደድኳት ዳግመኛ እንዳልመጣባት ነገረችኝ። አፌን ከፍቼ እውነቱን ማሳየት ሲገባኝ፣ ኀፍረት ያዘኝና እጅ ነሥቼ ሄድኩ።

ክቡርነትዎን በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ አብቅሉልኝ አልልም። የምለምነው፣ ከገጠር የመጣ ሰው ይነቀልልኝ ሲልዎ፣ ጉጠቱን ከማንሣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ደግመው እንዲጠይቁት ብቻ ነው። ሥራ ቢያበዛብዎም፣ ሰውየው ሲመርቅዎ ይኖራል።

ክቡርነትዎን አፉን ሞልቶ ለማመስገን ያልታደለው፣
እጅግ ታዛዥዎ
ነመራ ጨመዳ፤ ከቢላ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ከፈጸምኩ በኋላ እናቷ ለጎረቤት የተናገሩት ወሬ ደረሰኝ። እጮኛዬ ያን እሑድ እስኪመሽ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ ተመልሼ እንድለምናት ስትጠብቀኝ ነበር አሉ። ክቡርነትዎስ ብዙ ዘመን ባሕር ማዶ ተቀምጠው ወጋችንን ቢረሱት አይፈረድብዎም፤ እኔ ግን ከነቀምት አልፌ አላውቅም።