የሰኞ ታናሽ

ጥቅምት 4

ሊዲያ አግብታ ዱራሜ ከገባች ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ፊደል ክፍል ያለ አስተማሪ ቀርቶ ነበር። ዛሬ እኔ ላይ ወደቀ። ወንጌላዊ ተረፈ የጠየቁት እማዬን ነው፣ እኔን ማን ይጠይቀኛል። "ጣቢታ ቤት ነው የምትውለው፣ ፊደል ደግሞ ቆጥራለች" አሏት። "ትችላለች" አለች እማዬ። ስምንተኛ ላይ ያቆመች ልጅ... ምን ልታስተምር?

ክፍሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። ገባሁ። ሰላም አልኩ መሰለኝ። ብል እንኳ የሰማኝ የለም። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። መዞር ሲያቅተኝ ጊዜ ዝም ብዬ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ሰሌዳው ሞላ።

"ልጄ፣ የምታስተምሪው እኛን ነው ግድግዳውን?" አሉ አንዷ ከኋላ።

"ተያት፣ ግድግዳውም አልተማረም" አሉ ሌላዋ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ ሳቅሁ።

ጥቅምት 6

ዛሬ ዞርኩ። ስድስት ናቸው። ሦስቱ እናቶች ዝም ብለው መሳቅ ነው ሥራቸው። የቀሩት ግን...

እማማ ታንጉት ባለሱቅ ናቸው፣ ጉራጌ። ማተባቸውን አሳይተውኝ "እኔ ለፊደሉ ነው የመጣሁት፣ ለጸሎቱ እንዳትቆጥሪኝ" አሉ፣ ገና በር ላይ።

ጋሼ እንድርያስ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ያልተኙትን እንቅልፍ እኔ ክፍል ውስጥ እየተኙት ነው።

እማማ አቦነሽ የሞርሲቶ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው ልጃቸው ዘንድ ወደ ሆሳዕና የመጡት። ቀጭን፣ ሁለት የፊት ጥርስ የጎደላቸው። ያ ግድግዳውም አልተማረም የሚለው ነገር ከሳቸው አፍ ነው የወጣው።

ስማችሁን ጻፉ አልኩ። ጋሼ እንድርያስ "ታንጉት" ብለው ጻፉ። ከጎናቸው ገልብጠው!

"ኧረ ጋሼ፣ የራስዎን ስም እኮ ነው።"

"የሷ አጭር ነው" አሉኝ።

ጥቅምት 11

በየተራ ፊደል አስቆጠርኩ። እማማ አቦነሽ ላይ ስደርስ "መ፣ ሙ፣ ሚ... ሜ፣ ም፣ ሞ።" ማ የምትለዋን ዘለሏት። ይድገሙ አልኳቸው። ደገሙ። ያው። በበትሩ ፊደሏን እያመለከትኩ "ይቺስ?" ስላቸው ሳላቸው ተነሣ።

ሌላው ሁሉ እንደ ውሃ ይወርድላቸዋል። ከሁሉም የሚፈጥኑት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ማ ምን አደረገቻቸው? በጥርሳቸው መጉደል ይሆን? ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ማ፣ ማ፣ ማ አልኩ። ማ ለማለት የሚያስፈልገው ከንፈር ነው። ከንፈር ደግሞ አላቸው።

ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። "ፍየል ሆንሽ?" አለኝ።

ጥቅምት 13

ዛሬም ሳል። ማ ላይ ብቻ የሚነሣ ሳል ሰምቼ አላውቅም።

ጥቅምት 18

ጋሼ እንድርያስ ሳይተኙ ዋሉ። ለምን? ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደው የሚኒባሶቹን ታፔላ ሁሉ አንብበዋል። ያልጠየቃቸውን ሰው ሁሉ እየያዙ "ይሄ ዳምቦያ ነው፣ ያ ሀቢቾ ነው" ሲሉ ውለዋል። ረዳቱ "ሽማግሌው፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው?" ቢላቸው "አንተ ትጮኻለህ፣ እኔ አነባለሁ" አሉት።

ይህን ሲነግሩን ቆመው ነው። ደረቴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳቸው... እኔ! ቤት እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። ሰው አይቶኝ ይሆን? ይየኝ።

ጥቅምት 20

ዕንባቆም ዛሬ በመስኮት ብቅ አለ። የመዘምራኑ መሪ ነው፣ ኪቦርድ ይመታል። ክፍሉን ለልምምድ ይፈልገዋል።

"አሮጊቶችሽ ሀሁን እስኪጨርሱ ኪቦርዳችን ዛገ" አለኝ።

"ያንተ ድምፅም ዝጓል፣ ኪቦርዱን አትማ" አሉት እማማ አቦነሽ።

ሳቅን። ግን ነገሩ እውነት ነው። ከትምህርት በኋላ ወንጌላዊ ተረፈ ጠሩኝ። ኅዳር 15፣ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ በሽማግሌዎች ፊት ስድስቱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ። ሁሉም ካነበቡ ክፍሉ የእኛ ነው። አንድ ሰው እንኳ ካቃተው ለመዘምራን ይሰጣል፣ ትምህርቱም ያበቃል። "ቦታ ስለጠበበን ነው እንጂ ጠልተን አይደለም ልጄ" አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? "እሺ" አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ።

ከተዘጋ እኔ ወደ ቤቴ፣ ወደ ጎመን ቅንጠሳዬ። ከወር በፊት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስሜን ጮክ ብለው የሚጠሩ ሰዎች አሉኝ። በሌሎቹ ቀናት ድምፄን ራሴም አልሰማውም።

ደግሞ እማማ አቦነሽና ማ አሉ...

ጥቅምት 22

አወቅሁ! እማዬ ናት የነገረችኝ።

ራት ላይ "አንዲት ተማሪዬ ማ አልገባ አላቸው" አልኳት።

"የማን ቤት ናቸው?"

"የሞርሲቶዋ እማማ አቦነሽ።"

እማዬ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። "የማዴቦ ምራት?" ከዚያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ትን አላት። ወንድሜ ጀርባዋን መታላት።

ለካ ድሮ በኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሣም። ስሙን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት... በስሙ መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ነውር ነው። ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ባሊሻ ይባላል። "አሁን ቀርቷል፣ እኔም አልያዝኩትም" አለች እማዬ። "እሳቸው ግን የድሮ ሰው ናቸው። አማታቸው ከሞተ ስንት ዘመኑ! አሁንም ያከብሩታል።"

እና እኔ በበትር እያመለከትኩ በሉ ስላቸው... ወይኔ ጣቢታ!

ማዴቦ። እኔ እንደልቤ እጽፈዋለሁ። ምራቱ አይደለሁም።

ጥቅምት 25

ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። በከረጢት ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ማንኪያ አወጣሁ።

"እማማ አቦነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አዩኝ። እንዳወቅሁ አወቁ። ዓይናቸው ሳቀ።

"የወጥ አካፋ" አሉ።

ማስቲካ አወጣሁ። "የከብት ሥራ" አሉ፣ እያመነዠኩ አሳዩን። ማር አልኳቸው። "የንብ ላብ።" ክፍሉ ተሟሟቀ። እማማ ታንጉት ከአግዳሚው ተነሥተው "ማክሰኞስ? ማክሰኞን ምን ሊሏት ነው?" አሉ።

"የሰኞ ታናሽ" አሉ እማማ አቦነሽ፣ ሳያስቡ።

ጋሼ እንድርያስ ከሳቅ ብዛት ከወንበራቸው ወደቁ። ምንም አልሆኑም። ፊደል ግን አልተማርንም ዛሬ።

ኅዳር 4

ሁሉም ሲወጡ እማማ አቦነሽን አስቀረኋቸው። ለእሑዱ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ክፍሉ እንዳይዘጋብን... ብዬ ጀመርኩ። መጨረስ አቃተኝ። እሳቸው ጨረሱልኝ።

"ስሙን ልጥራ ነው የምትይኝ?"

ጠመኔዎቹን መልቀም ጀመርኩ።

"ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በሳምንቱ ነው" አሉ። "ምንጭ ወርጄ የአማቴን እንስራ ሰበርኩ። አዲስ እንስራ፣ እሷ የምትሳሳለት። እያለቀስኩ ስመጣ ሰውዬው፣ የባሌ አባት፣ መንገድ ላይ አገኘኝ። ስባሪውን ከእጄ ተቀበለ። ቤት ገባና 'ሰክሬ ረገጥኩት' አላት። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው! ሚስቱ ወር ሙሉ አኮረፈችው። እኔን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ እንዳላፍር። ሌላዋ ሴት ባሊሻ የምትይዘው ፈርታ ነው። እኔ ወድጄ ነው።"

"ክፍሉስ?" አልኩ።

"ክፍሉ ቆርቆሮ ነው ልጄ።"

ትክክል ናቸው። ግን እኔ ያለ ቆርቆሮው ምን እሆናለሁ?

ኅዳር 11

ለወንጌላዊ ተረፈ ልነግራቸው ሄድኩ። ቢነገራቸው እኮ ይገባቸዋል። በራቸው ላይ ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። አይ የኔ ነገር! ሽማግሌን ከወንበር የምጥል ሰው በር ማንኳኳት አቃተኝ።

ኅዳር 14

ነገ ነው። የሚጻፍላቸው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማ እንዳይኖር ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት እግዚአብሔር ሰምቶ ያውቅ ይሆን?

ኅዳር 15

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሰሌዳው ወደ አዳራሹ ገባ። ከአምልኮ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሳይወጣ ቆይቶ ነበር። ዕንባቆም እጁን አወጣ። "ከመጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። አዲስ ነገር ይጻፍ" አለ። እውነቱን ነው፣ ሌቦች ናቸው። ወንጌላዊ ተረፈ "እንግዲያው ጠመኔ ከማባክን የሳምንቱን ማስታወቂያ እጽፋለሁ" አሉ።

ሦስቱ እናቶች አነበቡ። እማማ ታንጉት እንደ ዋጋ ጮኸው አነበቡ። ጋሼ እንድርያስ አንብበው ሲጨርሱ የሌላውንም ሊያነቡ ሲሉ በግድ አስቀመጧቸው።

እማማ አቦነሽ መጨረሻ ነበሩ። ወንጌላዊው ጻፉ፦

"ማክሰኞ ማታ የምዕመናን ስብሰባ ስላለ ማንም ሰው እንዳይቀር።"

ሦስት ማ! አንዱ እንኳ መሐል ላይ ተደብቆ አይደለም፣ ሁሉም በር ላይ ቆመዋል። ጸሎቴ ተገልብጦ ነው የተሰማው?

እማማ አቦነሽ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሌዳውን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፉ፣

"የሰኞ ታናሽ፣ ጀምበር ከገባች በኋላ፣ የምዕመናን ስብሰባ ስላለ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር" አሉ።

ከዚያ ዕንባቆም "አላነበቡም!" አለ። "የሰኞ ታናሽ የሚለው የት አለ? ገምተው ነው!" ሳቅ ተነሣ። ወንጌላዊ ተረፈ መነጽራቸውን አወለቁ። "እማማ አቦነሽ፣ እንደተጻፈው ነው የምንፈልገው። አንድ ጊዜ ይሞክሩ።" እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሊሉት አይደለም፣ አውቃቸዋለሁ።

የሆነ ሰው "አንብበዋል!" ሲል ሰማሁ። ማነው ብዬ ዞር አልኩ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይመለሳል? ቆሜያለሁ። "ካላነበቡ የትኞቹን ቃላት መዝለል እንዳለባቸው በምን አወቁ? ሦስት ናቸው፣ ሦስቱንም ለይተዋል። አማታቸው... ባሊሻ ይዘው ነው። እኛ ቃሉን ብቻ ነው የምናነበው። እሳቸው ቃሉን ያነቡና፣ ይረዱና፣ ሌላ ያገኙለታል። ዕንባቆም ይሞክረው እስኪ!"

ይሞክረው እስኪ አልኩ? በአዳራሽ? እኔ?

ከሽማግሌዎቹ ጋሼ ቲቶ ቀድመው ሳቁ። "የሞርሲቶው ማዴቦ ምራት አይደሉም እንዴ! እናቴ እኮ ቅቤን በስሙ ሳትጠራው ነው የሞተችው። ቅቤው ግን አልጠፋብንም።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንጌላዊ ተረፈ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ሰሌዳውን እንደገና አነበቡት። ሦስቱን ማ በጣታቸው ነኩ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ።

ዕንባቆም እጅ አልሰጥ አለ። "እሺ፣ ማሲንቆ ብጽፍስ ምን ይሉ ነበር?"

እማማ አቦነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ክር ያለው ኪቦርድ።"

ከዚያ በኋላ ውጤት የጠየቀ የለም።

ኅዳር 16

ክፍላችን ውስጥ ተማሪዎቹ ሰባት ሆኑ። ሰባተኛዋ የዕንባቆም እናት ናቸው። "ልጄ አፉ ሰፊ ነው፣ ቢያንስ መልስ ልማር" ብለው መጡ።

ኅዳር 18

እማማ አቦነሽ ዛሬ ከሁሉም ቀድመው መጡ። እኔ ወለል እጠርጋለሁ።

"ልጄ፣ መጻፍ መጥራት ነው?"

አሰብኩ። "እንጃ... እጅ አፍ የለውም።"

ጠመኔ ለመኑኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሙ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ልክ እኔ መጀመሪያ ቀን እንደቆምኩት። ቀስ ብለው ጻፉ። ማ ትንሽ ተንጋደደች። ዴ ደህና ናት። ቦ ትልቅ ሆነች። ወደ ኋላ ሸሽተው አዩት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"እንዲህ አጭር ነው እንዴ?" አሉ። "ስሸከመው ረጅም ይመስለኝ ነበር።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጡኝ። "ምን ታዪኛለሽ? ጥሪልኝ እንጂ። አንቺ ምራቱ አይደለሽም።"

"ማዴቦ" አልኩ።

"ለትንኝ ነው የምትነግሪው? ሞርሲቶ ሩቅ ነው።"

መጥረጊያውን ጣልኩ። ደረቴን ሞልቼ "ማዴቦ!" ብዬ ጮኽኩ። ቆርቆሮው አስተጋባ። አዳራሹ ውስጥ ኪቦርዱ ቀጥ አለ። ዕንባቆም በመስኮት ብቅ ብሎ "ምን ተፈጠረ? ማንን ነው የምትጠሩት?" አለ።

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አንተ ኪቦርድህን ምታ" አሉት። እሱ ሲሄድ ወደ በሩ አዩ።

"ሲጠሩት ወዲያው አቤት የሚል ሰው ነበር" አሉ። "ድገሚልኝ።"

ደገምኩ።