ፊትሽ የተቆረጠበት ፎቶ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ቀና አለልሽ? አባባንስ ሳሉ ተዋቸው? እጅሽን ደግሞ ለይቼ እጠይቃለሁ፤ ውሃ ሲነካው አሁንም ያቃጥልሻል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆቱ እንኳ ሰሞኑን ደንዝዞብኛል፤ እንዳትቀየሚኝ።

ስለ ሥራው መጠየቅሽ አይቀርምና ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲው የምርምር ድጋፍ ባለሙያ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ሥራው መምህራን ለምርምራቸው ገንዘብ የሚሰጣቸው ድርጅት እንዲያገኙ ማገዝ ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ደጅ ስጠና የከረምኩት ለዚሁ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አለፍኩ። የቀረኝ አንድ መምህር ጥናቱን ሲያቀርብ አዳምጬ፣ ድጋፍ እንዴት እንደሚያገኝ በፈታኞቹ ፊት መምከር ብቻ ነበር።

የመጣው ያ የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከረኝ ሰውዬ ነው። ከመናገሩ በፊት ሁሌ ጉሮሮውን ስለሚጠርግ እኛ ተማሪዎቹ «ጉሮሮ» እንለዋለን። ሲያየኝ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ክፍሉን አጨለሙትና ግድግዳው ላይ እጅሽ በራ። እዚያው ጓሯችን፣ ሳፋው ጠርዝ ላይ፣ አውራ ጣትሽ ሥር ያለው ስንጥቅ ሳይቀር። እኔ ያነሳሁሽ ፎቶ ነው። ፊትሽን ቆርጦታል። የልብስ አጣቢዎችን እጅ ስለሚያድነው ቅባት የጻፍኩትን ሁሉ «ጥናቴ» እያለ አነበበው።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ምክሬን ጠየቀኝ። ብድግ ብዬ፣ «የዚህች ሴት ስም ማን ይባላል፣ ዶክተር?» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት የጥናቱ ተሳታፊ ናት» አለ።

«እናቴ ናት። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጥናቱም የኔ ነው። ምክሬ ይኸው፤ ድጋፍ ከመጠየቅዎ በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ።»

አንቱታዬን አልቀነስኩም። ቁጣዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት፤ ቀረ። ታውቂኝ የለ፣ በቧንቧ ወረፋ ከመንደሩ ሁሉ ጋር የምናቆር ልጅሽ ነበርኩ። አሁን ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ እንደቆየ እጅ ነኝ፤ ሰውነቴ የራሴ አይመስለኝም።

በኋላ ሰብሳቢው ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጄ፣ ሥራው ያንቺ ነው፣ ተሳስቼ ነው ብለሽ ዶክተሩን ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይብረድ አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። በማግሥቱ ሥራውን ለሌላ ሰጡት። ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። «ልጄ ባለሙያ ሆነች» ብለው ለመንደሩ አውርተው ከሆነ ግን ተያቸው፤ ሲቀዘቅዝ እኔው መጥቼ አስተባብላለሁ።

ቅባቱን በትንሽ ቆርቆሮ ልኬልሻለሁ። ማታ ማታ እጅሽን አድርቀሽ ተቀቢው፤ እጥበቱንም እስኪሻልሽ ለእትዬ ተይላት። ሲድን ደግሞ ፎቶ ይነሳልኝ። ጉሮሮ የያዘው የቆሰለውን እጅሽን ነው። የዳነውን ይዤ፣ እዚህ ካልሰሙኝ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እቆማለሁ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እትዬን ሰላም በያት፤ በእጥበቱ ታጉረመርማለች፣ አትስሚያት። ለወንድሜ ጫማዬን አድርጎ እንዳይጨርሰው ንገሪው። ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ሰላም ካልሽልኝ በኋላ ፎቶውን እሷ ታንሳሽ፤ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ፊትሽም ይግባበት። ከጀርባው ስምሽን በራስሽ እጅ ጻፊው።

ልጅሽ

ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር 9 ቀን