ፍሬቻ የሌለው መኪና

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ወገብህስ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስታነሳ የሚይዝህ? ምሳህን ቆመህ መብላት ተውክ ወይስ እንደ ድሮው ነህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያልዳነው ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው። ፖስታው ላይ ያለውን የተወላገደ ጽሕፈት አይተህ «እህቴን ምን ነካት?» ማለትህ አይቀርም። እደርስበታለሁ፣ አትቸኩል።

በስልክ ባገኘኸኝ ቁጥር ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አባባ ያነሳኛል?» ትለኛለህ። እኔም «እንዴታ!» እያልኩ አድበሰብሰዋለሁ፤ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማኝ ምን ልበልህ? ስለዚህ በወረቀት ልንገርህ። የቴሌቪዥን ጌምህን «ከመስኮት እወረውረዋለሁ» ብሎህ፣ አንተም በሩን ጠርቅመህ ወጥተህ፣ በሳምንቱ አገር ለቀህ ከሄድክ ወዲህ ስምህን አንድም ቀን አልጠራም። ከታመመ በኋላ ደግሞ ስልኩን ስዘረጋለት «እጄ ሲሻለው» ይላል። እማዬ «በእጅህ ነው እንዴ የምታወራው?» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ቀኝ እጁ እንደማይታዘዘው ታውቃለህ። ቤት እየመጣች እጁን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት «ጣቶቹ ካልሠሩ እንደታጠፉ ይቀራሉ» ብላ የጎማ ኳስ ሰጥታው ነበር። «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ አልጋ ሥር ወረወረው። አንድ ቀን ታዲያ ከስፌት መኪናዬ ጎን አቧራ የጠጣውን ያንተን ጌም አየችና «ይሄ ይሠራል?» አለች። የእማዬን ፊት ባየኸው!

ያልሞከርነው የለም። ተኩስ ያለበትን እማዬ «በእኔ ሳሎን ደም አይፈስም» ብላ ከለከለች። በኳሱ ጨዋታ አባባ የመጀመሪያውን ጎል በራሱ በረኛ ላይ አገባና «ዋናው መግባቱ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። የእርሻው ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር፤ ቲማቲም መትከል፣ ውሃ ማጠጣት፣ የሚያጣድፍህ የለም፤ ስሰፋ ለዋለ ዓይኔ እረፍት ነው። እማዬ ግን መቀመጫ ነሳችኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር «ላሟን አስገቢያት እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ!» እያለች ከወጥ ቤት ትሮጣለች።

የመኪናው ውድድር ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው የጌሙን መንጃ ጆይስቲክ ሲይዝ መጀመሪያ ምን እንደጠየቀኝ ገምት። «ፍሬቻው የቱ ጋ ነው?» የለውም ስለው መኪናውን ናቀው። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ ጠቋሚ ጣት ነው፤ ጣቱ ደግሞ እምቢ አለ። ሌሎቹ ሰባት መኪኖች ዞረው ዞረው ሲጨርሱ የእሱ መነሻው ላይ ቆሞ ቀረ። ግራ እጁን አሻግሮ ሊያጭበረብር ሲል ፊዚዮቴራፒስቷ መታ አደረገችው። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ግን ማንም ሳይጠራው ራሱ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ዘጠኝ ቀን መኪናው አልተነቃነቀም። በአሥረኛው ቀን አንድ ክንድ ያህል ተንፏቀቀና ቆመ፤ እማዬ በደስታ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። አሁን ሙሉ ዙር ይጨርሳል፤ ከስምንት ስምንተኛ እየወጣ። ከኋላ ለመጣ ሁሉ ዳር ይዞ ያሳልፋል። የተገለበጠ መኪና ሲያይ ቆሞ «ሰው ወጣ ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። «አባባ፣ ውድድር እኮ ነው» ስለው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለእነዚህ መንጃ ፈቃድ የሰጣቸው ማን ነው?» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ጆይስቲክ ከሶፋው ላይ ላነሳ ስል «ተይው» አለኝ። ለምን ስለው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ልጁ ጋቢና ካልተቀመጠ አይወድም» አለ። ትንሽ ሳለህ አውቶቡሱ ላይ ከጎኑ ካልሆንክ አልሳፈርም ትል የነበረው ትዝ ብሎት ነው። እኔና እማዬ ተያየን። ያን ጊዜም ስምህን አልጠራም፤ እኔም ጆይስቲኩን እዚያው ተውኩት።

እማዬ «ልብሱን ደርቦ ይልበስ፣ በባዶ ሆዱ አይውጣ» ብላ ጉንጮችህን ስማሃለች። አክስታችን ቁመትህን ጠይቃለች፤ ሹራብ ጀምራልህ እጅጌው ላይ ቆማለች። ፊዚዮቴራፒስቷም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ጌሙን ጥለህልን በመሄድህ ታመሰግንሃለች። አንተም ክፍል ለሚጋራህ ለዳቦ ጋጋሪው ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ማንኮራፋቱን ይቀንስልህ።

አባባ ግን «ሰላምታዬን አንቺ አትጽፊልኝም» ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ልጽፍልህ ስቀመጥ እስክሪብቶዬን ተቀበለኝና «ፖስታውን አምጪ» አለ። በቀኝ እጁ ነው የጻፈው፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀበት። እኔ ፖስተኛው እንዳይቸገር አድራሻውን ብቻ ከሥሩ ደገምኩት። «እጄ ሲሻለው» ሲል የነበረው ለካ ይህን ኖሯል። ፖስታውን ቀደህ ጥለኸው ከሆነ ሄደህ አንሳው፤ ስምህን የጠራህ እዚያ ላይ ነው።

እህትህ
ከሳሎናችን፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 9 ቀን