ጋሊና «ጋን» ያሉኝ ዕለት

እሑድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ሁለት ጎረምሶች አጥር ሊዘሉ ሲሉ ያዝኳቸው። ምን ፈልጋችሁ ነው ስላቸው ስልካቸውን ደቀኑብኝ። ጨዋታ ነው አሉ፤ እንቆቅልሽ እየፈቱ፣ በስልክ እየተመሩ የተደበቀ የቆርቆሮ ጣሳ መፈለግ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አጥር መዝለል! ለሰሚው ግራ ነው።

ጨዋታውን ያመጡብኝ ጋሊና ናቸው። ሰማንያ ዓመታቸው። አባታቸው ከዩክሬን ወደ እስራኤል ምድር መጥተው ይህን ቤት ከሠሩት አቅኚዎች አንዱ ነበሩ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፤ ጋሊና ያስጎበኛሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ የከተቱት የአባታቸውን የእንጨት ማንኪያ! ይጠፋል ብዬ ተቆጣሁ። መስታወት ውስጥ ሆኖ ማን ዞር ብሎ አየው አሉ። ያገኘው አይቶ፣ ስሙን ጽፎ ይመልሰዋል አሉ። እስቲ እናያለን።

ከሰዓት

የት እንደደበቁት ነገሩኝ፤ ለእኔ ብቻ። ጋን ውስጥ ነው አሉ፣ በር ላይ ወደቆመው ትልቅ የሸክላ ዕቃ በኩል አየት አድርገው። ባለፈው ይህ በእኛ ቋንቋ ጋን ይባላል ብዬ አስተምሬያቸው ነበር። አልረሱም! በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ ላይ በአማርኛ ያናገረኝ ፈረንጅ የለም። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሰኞ፣ 5 ሰዓት

አበድኩ! ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል። ሁሉም ጓሮ። አትክልቱን ረገጡት፣ በዚህ በቤርሼባ ፀሐይ ስንት ውኃ ያጠጣሁትን። እዚያ ምንም የለም ብል ማን ሰምቶኝ። ስልካቸው አሳስቷቸው ነው። የእኛ የሐበሻ ልጆችም ከሽኩና ጊሜል ሰፈር መጡ። «አባባ» ብለው ይጀምሩና ቀሪው ዕብራይስጥ። ፍንጭ ስጠን ይላሉ። ምስጢር ምስጢር ነው፤ ጋኑን ተደግፌ ዝም።

ማክሰኞ፣ 8 ሰዓት

ጠዋት ጓሮ ዞርኩ። ቧንቧው ሥር፣ በሽቦ የታሰረ ቆርቆሮ። የጋሊና ቆርቆሮ ያለው ጋን ውስጥ ነው፤ ይህ ታዲያ የማን ነው? ሔፌጽ ሐሹድ፣ አጠራጣሪ ዕቃ። ሕጉ አንድ ነው፤ አትንካ፣ ፖሊስ ጥራ። ጠራሁ። መንገድ ተዘጋ። የዳሌት ሰፈር አውቶቡስ ሹፌር እኔን ይሰድበኛል፤ እኔ ምን ላድርግ! ቦምብ የሚያመክነው ሮቦት መጣ። ድው!

ከዚያ ፖሊሱ የተቃጠለ እንጨት ይዞ መጣ። የማንኪያ እጀታ።

12 ሰዓት

ጋን! በዕብራይስጥ የአትክልት ቦታ! ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? መዋዕለ ሕፃናቱንም ጋን ይሉታል፤ ልጆቼን ስንት ዓመት አመላልሼ! ግን በእኔ ቋንቋ ያናገሩኝ መሰለኝ። ፈልጌው ነበራ። እጄን ጋኑ ውስጥ ብሰድ ምን ነበረበት? አሁን አየሁት። የሲጋራ ቁራጭ ብቻ። ጅል! የጅል ጅል!

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

የሙዚየሙ ኃላፊ ጨበጠኝ። ንቁ ዘበኛ አለኝ። ነገ በሰው ፊት የምስክር ወረቀት ይሰጠኛል። ልናገር ስል ስልኩ ጠራ፣ ሄደ። እውነቱን ልጻፍ፦ በመሄዱ እፎይ አልኩ።

ቀጥሎ ጋሊና። እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እሳቸው እኔን! ነግሬህ ነበር መስሎኝ፣ ለካ አልነገርኩህም፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው አሉ። እናታቸውንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው። ነገ የሙዚየሙን ቁልፍ ያስረክባሉ፣ ሥራ ትተው ቤታቸው ይቀመጣሉ። እኔስ? አንዲት ቃል አልወጣኝም፣ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! እኔን ሲነቅዘኝ አደረ።

የምስክር ወረቀቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ለራሳቸው ያድርጉት። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። መጀመሪያ ጋሊና ቤት፣ ቁልፉን ይዘው ሳይወጡ። አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ይህን የምጽፈው። ስለ ጋኑ በኋላ አስረዳለሁ፤ ይሳቁ፣ ይቆጡ፣ እንደ ፈለጉ። በሩን ሲከፍቱ ግን ሰላምታም ሳላስቀድም፦ ነግረውኛል፣ ጋሊና። ነግረውኛል።