የአባባ ትከሻ

ቡራዩ፣ የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኢፋ ኢተፋ
ናይሮቢ

ወንድም ዓለም፣ አካም ጅርታ? አገሩስ ሥራውስ እንዴት ይዞሃል?

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሉቃስ የጎረቤታችን የቦሰና ወንድም ነው። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ። በእኛ ወግ መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሽማግሌዎች ማልደው በር ያንኳኳሉ። አንተ ግን እዚያ በርህን የሚያንኳኳ ዘመድ የለህም። ስለዚህ እኔው ልንገርህ። አባባ ጥር 16 ቀን አርፏል።

አልቅስ። ሲወጣልህ ቀሪውን ታነበዋለህ።

በሰልፉ ሰሞን፣ አንተ ሸሽተህ ወደ ሞያሌ መሄድህን ገና ሳንሰማ፣ ትምህርት ቤትህ አካባቢ ተኩስ ተሰማ። አባባ “ልጄ እዚያ ነው” ብሎ ወጣ። ሰዉ ሲሸሽ እሱ ወደዚያው ይሄድ ነበር አሉ። የወታደር ዱላ ቀኝ ትከሻው ላይ አርፎ አጥንቱን ሰበረው። ይህን ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። የመታው ዱላ የያዘው ሰው እንጂ አንተ አይደለህም።

አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለ። ሁለት ጊዜ ተቀጠረልን፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ አሸዋ ሜዳ ላይ መለሱን። አባባ ክንዱን በእማዬ ነጠላ አንጠልጥሎ በእግሩ ወደ ቤት ሲመለስ ብታየው! ሰልፉን ያስነሳው ማስተር ፕላን ቀረ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ዕለት በግራ እጁ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ “እንግዲህ ኢፋ ይመጣል። ይቺ እጅ ቶሎ መዳን አለባት” አለ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ደረስን። ማደንዘዣ የሚሰጠው ልጅ እግር ሐኪም ትሑት ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠየቀው።

“አባት፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?”

“ድሮ ተውኩት።” ያን ዕለት ጠዋት ከጓሮ ሲመለስ ሲጋራ ሸቶኛል።

“ሲተኙ ያንኮራፋሉ? ትንፋሽ ቁርጥ ይልብዎታል?”

“ኧረ እኔ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።”

“ሥራዎስ ምንድን ነው?”

“ገበሬ ነኝ።”

ሠላሳ ዓመት ካባ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋጠውን አቧራ ሳይናገር ቀረ። ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም እኔና አንተ ከግድግዳው ወዲህ ሆነን እስኪመለስ እንቆጥር እንዳልነበር!

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። “እህት፣ ነርስ ነሽ አሉኝ። መርፌው አንገታቸው ሥር ነው የሚወጋው። ክንዱን ሲያደነዝዝ ትንፋሽ የሚስበውን ጡንቻ በዚያው በኩል ለሰዓታት ያሰንፈዋል። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው በሌላው ጎን ይችለዋል። የሚያጨስ፣ በጣም የወፈረ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ደረቱ የተጎዳ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ግን ኦክስጅኑ ይወርድበታል። የረሱት ነገር አለ?”

አባባ አየኝ። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ “ላሊሴ፣ ሌላ ቀጠሮ አልችልም” አለኝ።

“የለም” አልኩ።

ኢፋ፣ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ በፈተና ጽፌዋለሁ። “የለም” አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ከሰዓት በኋላ ወደ ተኝቶ መታከሚያው ክፍል አመጡት። ሕመሙ እንዳይበረታበት ጠንከር ያለ፣ ትንፋሽም የሚያዘገይ ማስታገሻ ወጉት። ጣቱ ላይ የነበረውን የኦክስጅን መለኪያ ለሌላ በሽተኛ ወሰዱት። “ጋደም አድርጊኝ፣ ደክሞኛል” ሲለኝ የአልጋውን ራስጌ ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

“ተኛ” አልኳት ለእማዬ።

“ተመስገን፣ ዛሬ አላመመውም ማለት ነው” ብላ ሳቀች። ከወር በኋላ መሳቋ ነበር። እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ ማንኮራፋቱ ቆመ። እንደ ልጅነታችን ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ጮኽኩ። መለኪያውን መልሰው ሲያደርጉለት፣ ከዘጠና በላይ መሆን የነበረበት ሃምሳ ስምንት አለ። ደረቱን እየተጫኑ ብዙ ለፉ፤ አልተመለሰም።

ለሐኪሙ በማግሥቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። “ብትነግሪኝ ሌላ መንገድ እንፈልግ ነበር። ቀና አድርገን፣ ኦክስጅን ሳንነቅልላቸው፣ ሰው አጠገባቸው ሳይጠፋ እናሳድራቸው ነበር” አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀበርነው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአያታችን አጠገብ ነው። እማዬ “ና በይው” ብላኛለች። እኔ ግን አትምጣ እላለሁ፤ ጓደኞችህን እስካሁን ቤት ለቤት ይለቅማሉ። እሷን እኔ እጠብቃታለሁ።

ለሐኪሙ ስለሰጠሁት መልስ አታውቅም። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትናገራለች፤ እንድጽናናም ወደ እኔ እያየች ነው የምትናገረው። “እግዜር አልጨከነብንም። ነርስ ልጁ አጠገቡ ሆና ነው ያረፈው” ትላለች።

ዋቀዮ ሲ ሃኤጉ፤ እግዜር ይጠብቅህ። የእናትህ ምርቃት በሄድክበት ይከተልህ፤ የባዕድ አገር ሰው ይራራልህ፤ ዕድሜህ ከአባባ ይርዘም።

እህትህ
ላሊሴ ኢተፋ