«በጣም ጥሩ» ያሉኝ ሴትዮ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ስድስት ቅጽ ሞላሁ። ስምንት ይቀረኛል። ዓርብ ማለቅ አለበት።

የታካሚዎች እርካታ መጠይቅ ነው ስሙ። ሰው የሚለውን ሰምተን አሠራራችንን እናሻሽል ነው ነገሩ። ሐሳቡን አልጠላሁትም ደብተሬ። ግን ማን ይጠይቅ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጽሕፈትሽ ያምራል አሉኝ። እንግዲህ በቀዶ ሕክምና ክፍል ቀን ቀን የምንሠራው ሁለት ነርሶች ነን። መርፌ ወጊዋም እኔ፣ «መርፌ ወጊዋ እንዴት ናት?» ብላ ጠያቂዋም እኔ።

መልሱ አንድ ነው። በጣም ጥሩ። አልጋ 2 ላይ ያሉትን ሽማግሌ ስለ ሆስፒታሉ ምግብ ጠየቅኋቸው፤ ተመስገን አሉ። ከመጡ ጀምሮ አንድ ጉርሻ አልቀመሱትም፤ ልጃቸው ናት ከዘመድ ቤት የምታመላልስላቸው። «በጣም ጥሩ» የሚለው አምስት ላይ ምልክት አደረግሁ። ምን ላድርግ? ሽንት ቤቱ ውሃ ካጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ እሱም በጣም ጥሩ ተብሏል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ውርጭ። ጣቶቼ ብዕር አልይዝ አሉ።

አልጋ 7፣ ወ/ሮ አስካለ። ከራቤል ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ የአምስት ልጆች እናት። ትርፍ አንጀት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው። የበግ ጠጉር ባናቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ይተኛሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ባላቸው አቶ ደምሴ አልጋው ሥር ቁጭ ብለው ይውላሉ።

ማክሰኞ ያደረግሁትን አልነገርኩህም። ሥራ በዝቶብኝ ሳለ ወ/ሮ አስካለ ሁለቴ ቢጠሩኝ ጮህኩባቸው። «አንድ ሰው ነኝ እኮ እናት!» አልኳቸው። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም። ዛሬ ያ እየቆጨኝ አጎንብሼ፣ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ሕመም ሲሰማዎት ቶሎ እርዳታ ያገኛሉ?

«ምን ሕመም አለኝ ልጄ፣ ተመስገን።»

ደስ አለኝ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ቅጽ ቁጥር 9፣ ከላይ እስከ ታች አምስት።

በቅጹ ምክንያት የከሰዓቱ የሙቀት ልኬት አመለጠኝ። ለማታው ተረኛ ነግሬዋለሁ። እሱም ሦስት ክፍል ይዟል።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ጠዋት ስገባ የወ/ሮ አስካለ ሆድ ተነፍቷል። ገላቸው ይፋጃል። ዶ/ሩ ገና በጣቱ ሲነካቸው ፊታቸው ተለወጠ። ውስጡ መግል ቋጥሯል፣ እንደገና መከፈት አለበት አለ። የኛ ማደንዘዣ ሰጪ ሥልጠና ሄዷል። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን። የአምቡላንሱ ጎማ እስኪቀየር አራት ሰዓት ሆነ። ስናወጣቸው እጄን ያዙኝ።

ጥድፊያ ስለነበር ባናቸው አልጋው ላይ ቀርቷል። አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቅጾቹን ጨርሼ አስረከብኩ። አሥራ አራቱንም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሾፌሩ ነገረኝ። ትናንት መንገድ ላይ፣ ሞላሌን አልፈው ብዙም ሳይርቁ፣ ወ/ሮ አስካለ አረፉ። አቶ ደምሴ አስከሬኑን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ግምገማ። የመጠይቁ ውጤት ተነበበ። ከጎረቤት ሆ/ሎች ቀድመናል ተባለ። ጭብጨባ። ከክፍሎች ሁሉ የኛ ክፍል በላጭ። ስሜ ተጠራ፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እዚያ ወረቀት ውስጥ አንዲት የሞቱ ሴት አሉ ብዬ መናገር አማረኝ። ተቀመጥኩ። የአንድ ለአምስት መሪያችን እንኳን ደስ አለሽ ብላ ሻይ ጋበዘችኝ። ሳልጠጣው ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አቶ ደምሴ ባናውን ሊወስዱ መጡ። አወጣሁላቸው። እግዜር ያጥናዎት አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ከዚያ ስለ ሚስታቸው ጨዋነት ያወሩልኝ ጀመር። ከረቡዕ አንሥቶ ሆዷን ይቆርጣት ነበር፣ ሌት ተቀን፣ አሉኝ። ሐሙስ ወረቀት ይዤ ስመጣ ሊነግሩኝ ሲሉ ወ/ሮ አስካለ በዓይናቸው ከለከሏቸው። ከሄድኩ በኋላ ምክንያቱን ለባላቸው ተናገሩ።

«ልጅቱ እንዲህ አክብራ እየጠየቀችኝ፣ ያውም እየጻፈች፣ አሞኛል ብዬ ላሳፍራት ወይ? ነውር ነው አለችኝ። እንዲህ ያለች ሰው ነበረች» አሉ።

ለምስጋና ነው የነገሩኝ፣ ይገባሃል? ባናውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ። እኔ መድኃኒት ክፍል ገብቼ ቆለፍኩ።

አሁን ለአንተ ልናገር። ሐሙስ ግንባራቸው ላይ ላብ አይቼ ነበር። በዚያ ውርጭ። አይቼ፣ ባናው ሞቋቸው ይሆናል ብዬ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ቴርሞሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። ቅጽ 9 እውነት አይደለም አልኳቸው። የቀሩትም እንደዚያው። የሚያክመውን ሰው ፊት ለፊት ማን ይወቅሳል? ሪፖርቱ ሄዷል አሉኝ። ደግሞ ሕመም እንደነበራቸው በምን አወቅሽ? ባላቸው ነገሩኝ አልኩ።

ፊታቸው ፈታ አለ። እንግዲያውስ ይህንኑ በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቤተሰቡ ሕመሙን እንደደበቀ፣ ለአስታማሚዎች ትምህርት እንሰጥበታለን አሉ። አንቺም ትድኛለሽ አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አቶ ደምሴ እንደገና መጡ። በአይሱዙ ላይ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው። ቀበሌያቸው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን ሰምታ ቶሎ ተናግራችሁ ቢሆን ኖሮ ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ይህን ሊጠይቁኝ ብቻ ነው የመጡት።

«ያን ለት ብነግርሽ ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ልጄ?»

ግቢው ውስጥ፣ ግድግዳ ጥግ ቆመን ነው። እንዲህ አልኳቸው፤ መናገር የእርስዎ ሥራ አልነበረም አባቴ፣ ማየት የኔ ነበር። ላባቸውን አይቻለሁ። አይቼ አልፌአለሁ። ማክሰኞም ጮኼባቸዋለሁ። ይቆጡኝ።

አቧራውን ከትከሻቸው አራገፉ።

«የለም ልጄ፣ እናንተማ ምን አጎደላችሁ። በደንብ ነው ያስታመማችኋት» አሉኝ።

ፊታቸው ቆሜ አለቀስኩ። እንዳስታማሚ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጥያቄያቸውን አልመለስኩላቸውም። ይተርፉ ነበር። ዶ/ሩም ሐሙስ ቢታወቅ ኖሮ ብሏል። የተኬደበት መንገድ ሐሙስ ቢኬድ ደርሰው ነበር።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ጽዮን

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ደብዳቤውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል።

ቅጽ 9ን እኔ እንደሞላሁ። ጋውን ለብሼ፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ ሌሎች እየሰሙ። የሚጠይቀው ሰው የሚያክመው እንዳይሆን። ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ይጠየቁ። የሞተባቸውም ይጠየቁ፣ እስካሁን የምንጠይቀው የዳኑትን ነው። ቅጽ ለመሙላት ተብሎ ልኬት አይታለፍ። በመጨረሻም ላቡን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ማክሰኞን።

መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ የአቶ ደምሴ ቃል ነበረበት። ሥ/አስኪያጁ እንዳሉትም ያድነኝ ነበር። ግምገማ ላይ ተነቦ፣ ከአፍ ወደ አፍ ራቤል ለመድረስ ሳምንት አይፈጅበትም። ቀደድኩትና ያለ እሳቸው ጻፍኩት።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አስገባለሁ። ቤተሰቡስ ብለው ይጠይቁኛል፣ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ምንም አያውቅም ነበር እላለሁ።