ለማህጉል ስለ ተመረጠላት የአገር ልጅ

ለክብርት ወይዘሮ ሉቪሳ ሄግስትራንድ፣
የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ኃላፊ፤

የክረምቱ ጨለማ ጤናዎን ሳይነካ፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። በስዊድን ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ እንደሚባባል ባውቅም፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁ ስደተኛ ነኝና "እርስዎ" ማለትን መተው አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ የአሥራ አራት ዓመቷ የማህጉል ወንድምና አሳዳጊ ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ማህጉል ከቤት ውጭ ቃል አትተነፍስም ነበር። ክሊኒክዎ የመደባቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይዘሮ ጉኔል ግን ሳይጠይቋትና ሳይቸኩሉ በሐይቁ ዳር አብረዋት ሲራመዱ ከረሙ፤ ባለፈው ወር ስለ እናታችን አወራቻቸው። ያን ቀን ቤት ስትገባ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ "ራበኝ" አለች። ስለዚህች ቃል ምስጋናዬ የእውነት ነው።

ስለ ቀሪው ደግሞ እንዲህ አመሰግናለሁ፦

1. ልጅቷ አፏን በፈታች ማግስት "ይበልጥ የሚስማማት ባለሙያ አግኝተናል" ብለው ከወይዘሮ ጉኔል ስለ ለዩልን።

2. አዲሱ ባለሙያ አቶ ሙራድ የአገራችን ልጅ፣ የቋንቋችንም ተናጋሪ ስለ ሆኑ። በእርግጥ ማህጉል ስዊድንኛውን አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ለእኔ የምታስተረጉመውም እርሷ ናት። አቶ ሙራድ ዓርብ ማታ በእኛ ቤት ከአጎቴ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበሉ ደግ ሰው ናቸው፤ ምስጢር እንደሚጠብቁም አልጠራጠርም። ማህጉል ግን "ወንድምዬ፣ ለእሳቸው ከምነግር በአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ማጉያ ብለፍፈው ይሻለኛል! ዓርብ ሻይ ስቀዳላቸው በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?" ብላኛለች።

3. ስደውል ጸሐፊዎ "ለእናንተው ብለን እኮ ነው! ባህላችሁን የሚያውቅ ሰው አይሻልም?" ስላሉኝ። አቶ ሙራድ ባህላችንን ስለሚያውቁ እኮ ነው የፈራነው።

ማህጉልን ራሷን የጠየቃት የለም። ሐሙስ ቀጠሮዋ ነው፤ አልሄድም ብላ በሯን ዘግታለች። እንደገና ዝም እንዳትል እፈራለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ አፏን የሚያስከፍት ብልሃት የለኝም። ደክሞኛልና በአጭሩ ልለምንዎ፦ ወይዘሮ ጉኔልን ይመልሱልን።

የሰው ልጅ ሁሉ በየትውልድ መንደሩ ተመድቦ መታከሙን በትሕትና የሚታዘብ፣
ናዚር ያቁቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልብዎ ሲከፋ የሩቅ ሰው ፍለጋ እንዳይደክሙ። ከሕንጻዎ በታች፣ ነዋሪው ሁሉ በጋራ በሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በማጠቢያ ተራ የሚጣሉዎት ጎረቤትዎ አሉ፤ ቋንቋዎን ይናገራሉ፣ ባህልዎንም ጠንቅቀው ያውቃሉ።